ሳይቀበሩ የቀሩ ካርቱኖች

መስከረም 1983፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስድስት አሜሪካውያን ልጆች መዝናኛ ፓርክ ሄዱና መጫወቻ ባቡር ላይ ተሳፈሩ። ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ዘንዶና ጠንቋይ ወደሚተራመስበት ሌላ ዓለም ተወረወሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቤታቸው አልገቡም። የሁሉም ታናሽ የሆነው ቦቢ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ሒሳቡ እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሃምሳውን የደፈነ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ ጎልማሳ በሆነ ነበር። የካርቱን ልጅ ግን የሚያድገው ጣቢያው ሲፈቅድለት ነው፤ ጣቢያው ደግሞ ቦቢን ከረሳው ቆይቷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ከተቆጠረ ልጆቹ የጠፉት በ1976፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ነው።)

ካርቱኑ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ሲታይ ቆይቶ፣ 27 ክፍል ሄዶ፣ በ1985 ቆመ። ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ቢባል ሐሜት አይሆንም። አንድ አጭር ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል፤ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በቅኔ ይነግራቸዋል፤ ልጆቹ ሰሙን ጨብጠው ወርቁን ሊጠይቁት ዞር ሲሉ ሰውዬው የለም። ስንት መከራ አይተው በሩን ያገኙታል። በሩ ይከፈታል፤ ወዲያ ማዶ የሚያውቁት ፓርክ ይታያል። ልክ በዚያች ሰዓት አንዱ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ወይም ባለ አንድ ቀንዷ ግልገል ፈረስ ትዝ ትላቸዋለች፣ ሲመለሱላት በሩ ይዘጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና።

መጨረሻ አልተጻፈለትም እንዳይባል ተጽፎለታል። ማይክል ሪቭስ የተባለው ደራሲ፣ ለሙታን በሚደረግ ጸሎት ስም «ሬኩዊም» ብሎ የሰየመውን የመዝጊያ ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ልጆቹን ሲያሳድድ የኖረው ቬንገር የሽማግሌው ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ከክፋቱም ይመለሳል፤ የቤት መንገድም ይከፈታል። ልጆቹ ሄዱ ወይስ ቀሩ? ሪቭስ ይህን ለተመልካች ትቶ ብዕሩን አስቀመጠ። ሥራው ግን ቀድሞ ቆመና ጽሑፉ ሳይሣል ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከካርቱኑ ከራሱ ይልቅ ያስቃል።

ካርቱኑ በብራዚል እንደ ጉድ ተወድዶ ነበር። መጨረሻውን ያላየ ሕዝብ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥምና ወሬ ተወለደ። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ባቡሩ ተገልብጦ ሞተዋል፤ ያሉበት ዓለም ሲኦል ነው፤ ሽማግሌውና ቬንገር አንድ ሰው ናቸው፤ ያቺ የምታሳዝን ግልገል ፈረስም እንዳይወጡ የተመደበች ሰላይ ናት። ግልገሏ እንኳን አልተማረችም! ወሬው ድንበር ተሻግሮ ሪቭስ ዘንድ ደረሰ። ሰውዬውም ሐሰት ነው ብሎ በጽሑፍ አስተባበለ፤ ዋናውን ጽሑፍም እነሆ አንብቡት ብሎ ለሕዝብ አወጣው። በ2006 ዲቪዲው ሲታተም ያልተሣለው ክፍል በድምፅ ብቻ፣ እንደ ሬዲዮ ድራማ ተቀርጾ ተጨመረበት። በ2019 ደግሞ ሬኖ የተባለው የመኪና ኩባንያ ለብራዚል ገበያ ማስታወቂያ ሲያሠራ እነዚያን ልጆች በተዋንያን አስመስሎ አመጣቸው። ክዊድ በምትባል ትንሽ መኪና ተሳፍረው ከዘንዶውም ከቬንገርም አመለጡ። ሽማግሌው በ27 ክፍል ቅኔ ያልፈታውን ችግር ሬኖ ሙሉ ቤንዚን ቀድቶ ፈታው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ2023 በዚያው ስም በወጣው የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ስድስቱ ልጆች በጨረፍታ ብቅ አሉ፤ ወዳጆቻቸው ሲኒማ ቤት ውስጥ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ልጆቹ አሁንም እዚያው ዓለም ውስጥ ናቸው፤ ያውም ሰው ለመዝናናት በሚያየው፣ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ የወጥመድ ሜዳ ውስጥ ሲባዝኑ። አርባ ዓመት ሙሉ!

ብዙ ሰው ካርቱን ሲቋረጥ ልብ አይልም። አንድ ቀን የለመደውን ሲያጣ ቻናል ይቀይራል፤ በዚያው ያድጋል፤ ይመረቃል፤ ያገባል፤ ይረሳል። ጥቂቱ ግን ድንኳን ይተክላል። በእኛ አገር ለቅሶ ሲያበቃ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ዕድሩም ወንበሩንና ብርጭቆውን ቆጥሮ ይረከባል። የተቋረጠ ካርቱን ወዳጅ ድንኳን መንቀል አያውቅም። ሃያ ዓመት ቢሆነው፣ ሠላሳ ቢሞላው፣ ለደረሰው ሁሉ ሟቹ እንዴት ያለ ጨዋ እንደነበር፣ ቢኖር ኖሮ በአራተኛው ምዕራፍ ምን ሊያሳይ እንደነበር፣ ማን እንደገደለውም ይተርካል። ገዳዩ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከረቫት ያሠረ የጣቢያ ኃላፊ።

እንዲህ ያለው ሰው ቀን ቀን ቢሮ ገብቶ እንደማንኛውም ሰው ሒሳብ ሲያወራርድ ይውላል። ማታ ግን መዝገብ ያዥ ነው። የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን ታየ፣ የትኛው ተሠርቶ ሳይታይ ቀረ፣ ለሌላ አገር ሲተላለፍ ምን ተቆረጠ፣ በሦስተኛው ክፍል ቀይ የነበረው ቀበቶ በሰባተኛው በምን ምክንያት ሰማያዊ ሆነ፤ ይህን ሁሉ የሚያውቅ እሱ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ጓዳው ውስጥ ከቴሌቪዥን በቀጥታ የተቀዱ የቪኤችኤስ ካሴቶች በካርቶን ተደርድረዋል። በካርቱኑ መሐል የገባው የቁርስ ኮርንፍሌክስ ማስታወቂያ፣ ድሮ ጣት እስኪያልብ በሪሞት ይታለፍ የነበረው፣ አሁን ራሱ ቅርስ ሆኗል። በ1990ዎቹ ይህን ዕውቀቱን ጂኦሲቲስ በተባለው ነጻ የኢንተርኔት ቦታ ላይ የከመረ ብዙ ነበር፤ በ2009 ባለቤቱ ያሁ አሜሪካ ውስጥ ዘጋው። የመጫወቻ ገጻቸውን ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም የሠሩት ደግሞ በ2020 መጨረሻ አዶቢ ፍላሽን ሲያቆም ተከተሉ። ለሟች የተተከለ ድንኳን ቀድሞ ሲፈርስ ያየ እንግዲህ የእነዚህን ሰዎች ዕድል ይረዳል።

ቤተሰብ ይህን አይረዳም። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ እናት፣ ሠላሳውን ያለፈ ልጃቸው ሶፋው ላይ ኩርምት ብሎ ሲያገኙት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?»

«ተቋረጠ፣ እማዬ።»

«ውይ! እዚህም መብራት ይሄዳል እንዴ?»

«ካርቱኑ ነው እማዬ የተቋረጠው።»

እናት ካርቱን የሚለውን ሰምተው ቀና ብለው ያዩታል፤ ከዚያ ወደ ሚስት ፍለጋው ጉዳይ ይሻገራሉ።

ወደ ገዳዩ እንመለስ። ከረቫት ያሠረው ሰውዬ እንደሚወራበት ጨካኝ አይደለም፤ ቆጣሪ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የብዙ ካርቱን ዕድሜ 65 ክፍል ነበር። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። በሳምንት አምስት ቀን ለሚታይ ዝግጅት 65 ክፍል ማለት የ13 ሳምንት ስንቅ ነው፤ 13 ሳምንት ደግሞ የዓመት ሩብ ነው። ሩቡ ሲያልቅ ከአንድ ጀምሮ መድገም ነው። ሕፃን ልጅ ደጋግሞ ማየት አይሰለቸውም፤ ዕድሜው ከፍ ሲል ደግሞ ቦታውን ሌላ ሕፃን ይተካዋል። ስለዚህ ቆጣሪው 66ኛውን ለመሥራት ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየውም። ዲዝኒ ከሰዓት በኋላ ለሚያሳያቸው ካርቱኖች ይህን ልክ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። ወዳጁ 66ኛውን ሲጠብቅ ነጋዴው መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ሁለተኛው ምክንያት አሻንጉሊት ነው። «ሂ-ማን» በ1983 ቴሌቪዥን ላይ ሲጀምር አሻንጉሊቱ ቀድሞ ሱቅ ገብቶ ነበር፤ ካርቱኑ የመጣው ሊያሻሽጠው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የጀግና ዕድሜ በመደርደሪያው ላይ ባለው ቦታ ይለካል። «ትራንስፎርመርስ» በ1986 ወደ ሲኒማ ሲሄድ ሱቁ ለአዲስ አሻንጉሊት ቦታ ይፈልግ ነበርና ለልጆቹ ሁሉ እንደ አባት የነበረው ጀግናው ኦፕቲመስ ፕራይም ፊልሙ ውስጥ እንዲሞት ተደረገ። ያዘዙት ሰዎች አሮጌ ዕቃ ከመደርደሪያ ያወረዱ ነበር የመሰላቸው። ሲኒማ ቤቱ በለቅሶ ተናጠ፤ ወላጆች ደብዳቤ ጻፉ፤ ኩባንያው ደነገጠ፤ ኦፕቲመስ ፕራይምም በ1987 በቴሌቪዥኑ ካርቱን ላይ ከሞት ተነሣ። ለጨረታ የወጣ ዕቃ በእንባ ብዛት ሲመለስ የታየበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

አሻንጉሊት የሌለው ደግሞ ከነጭራሹ ጠያቂ የለውም። ገንዲ ታርታኮቭስኪ በ2010 ያስጀመረው «ሲም-ባዮኒክ ታይታን» 20 ክፍል ላይ ቆመ፤ ሰውዬው እንደተናገረው ምክንያቱ ከበስተኋላው የሚሸጥ አሻንጉሊት አለመኖሩ ነው። «ያንግ ጀስቲስ» አሻንጉሊት ነበረው፤ ግን አልተሸጠለትም። የመጫወቻ ኩባንያው ገንዘብ ሲነጥፍ ካርቱኑ በ2013 ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የዚህኛው ወዳጆች ግን ብልሃት አገኙ። አቤቱታ መፈረሙን ትተው ኔትፍሊክስ ላይ የነበሩትን አሮጌ ክፍሎች ደጋግመው ማየት ጀመሩ፤ ቆጣሪውን በራሱ ቋንቋ፣ በቁጥር አነጋገሩት። ሦስተኛው ምዕራፍ በ2019 መጣ። እዚህ ላይ ስንት ሰው እራት እየበላ፣ እየተኛ፣ ልብስ እየተኮሰ ያንኑ ክፍል ለአሥረኛ ጊዜ እንደከፈተው ሲታሰብ፣ ትግል ማለት ምን እንደሆነ መልሶ ማጤን ያስፈልጋል።

ከሞት የተነሡት ዝርዝር ረጅም ነው። «ፋሚሊ ጋይ» በ2002 ተቋርጦ ዲቪዲው ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲቸበቸብ፣ ማታ ማታ በሌላ ጣቢያ ሲደገምም ተመልካቹ ሲጎርፍ፣ ያባረረው ፎክስ በ2005 ራሱ መልሶ ጠራው። ተመላሹም ጨዋነት አላበዛም፤ በመጀመሪያው ቀን ዋናው ገጸ ባሕርይ ፎክስ እሱን ካባረረ ወዲህ ጀምሮ የከሰረባቸውን ዝግጅቶች ስም አንድ በአንድ ዘረዘረበት። «ፉቱራማ» ከዚህም አለፈ። ፎክስ ላይ በ2003 ሲያበቃ በ2007 በቀጥታ ለዲቪዲ በተሠራ ፊልም ተመልሶ፣ ፊልሙን የከፈተው ያቋረጧቸው ኃላፊዎች ተባርረው፣ ተደብድበው፣ በመጨረሻም ተፈጭተው ዱቄት መሆናቸውን በማብሠር ነው። ከዚያ በ2010 ኮሜዲ ሴንትራል ላይ ተመለሰ፤ በ2013 እንደገና ቆመ፤ በ2023 «ሁሉ» በሚባለው የኢንተርኔት ማሳያ ላይ እንደገና ተነሣ። ደራሲዎቹ ይህ የመጨረሻችን ይሆናል እያሉ የመሰነባበቻ ክፍል መጻፍን ሙያ አድርገውታል። በየጊዜው አልቅሶ የተሰናበተ ወዳጅ እንባውን በቁጠባ መጠቀም ቢጀምር አይፈረድበትም።

ሁሉም ግን እንዲህ በቶሎ አልተነሣም። «ሄይ አርኖልድ» የአንድ ልጅ ካርቱን ነው፤ ወላጆቹ ጫካ ገብተው የጠፉበት። በ2002 በታየ አንድ ክፍል አርኖልድ የአባቱን ማስታወሻ ደብተር ያገኛል፤ ውስጡም ካርታ። ልጁ ሊፈልጋቸው ነው! ይህን የሚተርከው ፊልም ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሲኒማ የገባው የአርኖልድ ፊልም ገበያ ሲያጣ ግን ታጠፈ። ልጁ ካርታውን እንደያዘ ቀረ። ፊልሙ የመጣው በ2017 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ። አርኖልድ ያው ልጅ ነው። ያኔ ካርቱኑን ያዩ የነበሩት ልጆች ግን አንዳንዶቹ የራሳቸውን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው አዩት፤ ልጁ «ለምንድነው ምታለቅሰው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ታሪክ ነው፤ ከመኝታ ሰዓት በፊት አያልቅም።

ልብ ብሎ ላየ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የ«ፉቱራማ» ጀግና በረዶ ውስጥ ሺህ ዓመት ተኝቶ የተነሣ የፒዛ አመላላሽ ነው። የ«ጋርጎይልስ» ጀግኖች በስኮትላንድ በ994 በድግምት ድንጋይ ሆነው፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ማንሃተን ውስጥ ፎቅ አናት ላይ የሚነቁ ባለ ክንፍ ፍጡራን ናቸው። «ሳሙራይ ጃክ» በክፉው አኩ ወደ ሩቅ ዘመን የተወረወረ ተዋጊ ነው። ደራሲዎቹ ካርቱናቸው ላይ የሚመጣውን አስቀድመው ያወቁ ይመስል፣ የመቆየትን ጥበብ ለጀግኖቻቸው አስተምረዋል። ጃክ በ2004 ያለ መጨረሻ ቆሞ በ2017 ሲመለስ በታሪኩ ውስጥ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ጢሙ ደረቱን ሞልቷል። ወዳጆቹም ጢም አብቅለው ነበር። አኩን በድምፁ የተጫወተው ማኮ ግን በ2006 ዐርፎ ስለነበር ቦታውን ግሬግ ባልድዊን ተካው፤ ለቀስተኛው እዚህ ላይ ካርቱኑ ብቻ ሳይሆን ሰውም እንደሚሞት ትዝ አለው።

«ጋርጎይልስ» ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የወዳጆቹ ሥርዓት ከሁሉም የረቀቀ ነውና። ዲዝኒ ካርቱኑን በ1994 ጀምሮ በሁለት ምዕራፍ 65ቱን አደረሰው። ከዚያ 13 ክፍል ያለው ሦስተኛ ምዕራፍ በሌላ ስም ተጨመረ፤ ዋናው ፈጣሪ ግሬግ ዋይዝማን ግን ከዚያ ውስጥ የጻፈው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ታሪኩ በ2006 በሥዕል መጽሐፍ ሲቀጥል ዋይዝማን የቀሩትን 12 እንዳልነበሩ ቆጥሮ አለፋቸው። ወዳጆቹም እንደዚያው። ተሠርተዋል፣ ታይተዋል፣ ሰው ደሞዝ በልቶባቸዋል፤ ግን የሉም። ስለ እነዚያ ክፍሎች አንድ የዋህ ሰው ስብሰባቸው መሐል ቢጠይቅ የሚወርደው ጸጥታ ለጉድ ነው። ስብሰባ ሲባል ቀልድ አይደለም፤ ካርቱኑ ካለቀበት ከ1997 እስከ 2009 በየዓመቱ ከያሉበት ተጠራርተው ሆቴል ይዘው ይገናኙ ነበር፤ ዋይዝማንም ይገኝላቸዋል። ከ1997 ጀምሮ የሚልኩለትን ጥያቄም በጽሑፍ ሲመልስ ኖሯል፤ ጥያቄዎቹ በሺህ ይቆጠራሉ። እገሌ የእገሌ አጎት ነው? እንቁላሉ መቼ ይፈለፈላል? ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ስለሌለ ነገር ነው፤ ሰውዬውም ስለሌለው ነገር በትዕግሥት ያስረዳል፤ አንዳንዱንም አሁን አልናገርም ብሎ ለወደፊት ያስቀምጣል። በ2022 መጨረሻ አዲስ የሥዕል መጽሐፍ ሲጀመር ያስቀመጠው ጠቀመው።

ለምን ራሳቸው ሠርተው አይጨርሱትም የሚል ይኖራል። የ22 ደቂቃ ካርቱን በሴኮንድ 24 ምስል ሲሰላ ከ31 ሺህ ምስል በላይ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ ከ15 ሺህ አይወርድም። ለዚህ ነው ብዙ የአሜሪካ ካርቱን ኮሪያ ተልኮ በብዙ እጅ የሚሣለው። አንድ ሰው ከሥራ መልስ ሊጨርሰው ቢነሣ ጡረታ ሲወጣ መግቢያው ላይ ነው። «ፋይናል ስፔስ»ን የፈጠረው ኦላን ሮጀርስ ይህን ያውቃል። ካርቱኑ በ2021 ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ጀግኖቹ ጭንቅ ላይ እንዳሉ ተቋረጠ። ሮጀርስ መጨረሻውን በሥዕል መጽሐፍ ሊያወጣ ከባለቤቱ ኩባንያ ፈቃድ ለምኖ አገኘ፤ ወዳጆቹም መጽሐፉን ገና ሳይታተም ከፍለው ገዙት። የራሱን ልጅ ለመቅበር ፈቃድ የጠየቀ አባት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከዚህ የባሰም መጣ። ድሮ የተቋረጠ ካርቱን ቢያንስ የታየው ይቀር ነበር፤ በካሴት፣ በዲቪዲ፣ በድጋሚ ስርጭት። ነሐሴ 2022 ላይ ኤችቢኦ ማክስ በአንድ ጊዜ በርካታ ዝግጅቶችን ከማሳያው ሲያነሣ ብዙ ካርቱኖች አብረው ሄዱ፤ ከእነሱም «ኢንፊኒቲ ትሬን» አንዱ ነው። ኦወን ዴኒስ የሠራው ይህ ካርቱን ማለቂያ ስለሌለው ባቡር ነው። ተሳፋሪው መዳፉ ላይ ቁጥር ይበራል፤ የልቡን ሸክም ባቃለለ ቁጥር ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲገባ ይወርዳል። አራት ምዕራፍ፣ 40 ክፍል ሄዶ በ2021 ቆሞ ነበር፤ ሌላም ታስቦለት ነበር። ያኔ ግን የታየውም ከማሳያው ታጣ። ኩባንያው ወጪ ሲቀንስ የሠራተኛ ወንበር ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል፤ የተጠናቀቀ፣ የተከፈለበት፣ ልጅ የወደደው ካርቱን ከመደርደሪያ ቢወርድ ይበልጥ እንደሚያዋጣ ያሰላው ሰው በጣም ጥሩ ሒሳብ ተምሯል ማለት ነው። ያን ቀን ግን በካሴት ካርቶን ሲሳቅበት የኖረው መዝገብ ያዥ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ብዙም ላይደንቀው ይችላል። የ2000ዎቹ የዲሽ ልጆች ካርቱን ያዩት በኤምቢሲ 3 እና በስፔስቱን፣ በዐረብኛ ነው። ቋንቋው አይታወቅም፤ ክፍሉ ከመሐል ይጀምራል፤ ታላቅ ወንድም ኳስ አለ ብሎ ሪሞቱን ይወስዳል፤ ዜና ሰዓት ሲደርስ ተራው የአባት ነው፤ ጀግናው ሰይፉን ሲመዝ መብራት ይሄዳል። የካርቱን መጨረሻ አይቶ የሚያውቅ ልጅ ሰፈር ውስጥ ቢገኝ ይከበር ነበር፤ ባይገኝም የሚዋሽ አይጠፋም። አንዱ ጎበዝ ዐረብኛ የሚሰማ መስሎ ንግግሩን ሁሉ ከራሱ አፍልቆ ይተረጉማል፤ በነጋታው ሌላው ልጅ ያው ክፍል ሲደገም ፍጹም ሌላ ታሪክ ይተርካል፤ ክርክሩም በድንጋይ ያልቃል። ብራዚላውያኑ በሲኦል ወሬ ያደረጉትን የእኛ ልጆች በየበረንዳው ሠርተውታል፤ ያስተባብልላቸው ደራሲ ግን አልነበረም።

ለሐዘንተኛው ከሁሉ የሚከብደው ግን የሟቹ መነሣት ነው፤ «ክሎን ሃይ» ለዚህ ምስክር ነው። በ2002 የጀመረው ይህ ካርቱን የታሪክ ታላላቅ ሰዎች ከሥጋቸው ተባዝተው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢገቡ እንዴት ይሆኑ ነበር የሚል ቀልድ ነው። ሊንከን ዓይናፋር ነው፤ ክሊዮፓትራ ሁሉም የሚከተላት ኮረዳ ናት፤ ማህተማ ጋንዲ ደግሞ ጭፈራና ግርግር የሚወድ ወጣት። በ2003 መጀመሪያ ወሬው ሕንድ ደረሰ፤ ኒው ዴልሂ ውስጥ ከመቶ የማያንሱ ሰዎች የረሃብ አድማ መቱ። በጾም ታግሎ አገር ነጻ ባወጣ ሰው ላይ በካርቱን ለማላገጥ መልሱ በጾም መጣ። ካርቱኑ በ13 ክፍል ተዘጋ፤ መጨረሻው ላይ ተማሪዎቹ በሙሉ በምረቃ ዳንስ ምሽት የሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎባቸው እንደቆሙ በረዶ ሆነዋል።

ወዳጆቹ ሃያ ዓመት ያን ማቀዝቀዣ ጠበቁ። በ2023 ተከፈተ፤ ካርቱኑ ውስጥም ልክ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ተማሪዎቹ ቀልጠው ወጡ፤ ጋንዲ ብቻ እዚያው በረዶው ውስጥ ቀረ። ኩባንያው ሁለተኛ የረሃብ አድማ አልፈለገም። ደስታ መሆን ሲገባው ክርክር ሆነ፤ ያለ ጋንዲ ምን ክሎን ሃይ አለ የሚል፣ አዲሶቹ ተማሪዎች አይመቹኝም የሚል፣ ሥዕሉ ተቀይሯል የሚል፣ በልቡ የጨረሰው መጨረሻ ከታየው ይሻል ነበር የሚል። ክርክሩ ሳይበርድ፣ ሁለት ምዕራፍ ታይቶ በ2024 እንደገና ተቋረጠ። መዝገብ ያዡ እስከዚያ ድረስ ሁለት አምድ ይበቃው ነበር፤ የሞቱና የተነሡ። አሁን ሦስተኛ ማሥመር አለበት፤ ነገር ግን ያ የመጣው የእኛ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ሞቱም ከእኛ ሞት አይቆጠርም የሚሉ ሽማግሌዎች ተነሥተውበት፣ ማሥመሪያውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል።